የማለዳው ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋ በታናሽ እህቷ መቅናት የጀመረችው ትናንት አልነበረም። ነገር ግን ቅናቷ መልክ አውጥቶ፣ ክዳን ገጥሞ፣ ከእናቷ አልጋ ራስጌ ካለው መደርደሪያ ላይ ጉብ ያለው፣ ታናሿ ያቺን የቫይታሚን ጠርሙስ ይዛ የመጣች ዕለት ነው። ጠርሙሷ አረንጓዴ ናት፣ ከጭብጥ የማትበልጥ። ላይዋ ላይ ባለው ሥዕል ሁለት ሽማግሌዎች እንደ አዲስ ሙሽሮች ይሳሳቃሉ።

ታናሿ አስተማሪ ናት፤ የምትኖረውም ሌላ ከተማ ነው። ስትመጣ እንደ እንግዳ ቤቱ ይጠረግላታል፣ ስትሄድ ይለቀስላታል። ቤት ውስጥ ሆና እናቷን የምታጥበው፣ የምታበላው፣ ጥፍሯን የምትቆርጠው ትልቋ ናት። ለሷ ማንም አያለቅስም፤ የት ሄዳ!

«ይኼ መልቲቫይታሚን ነው፣ እማዬ» አለች ታናሿ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «ለትልልቅ ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ሐኪምሽንም አማክሬያታለሁ። ከምሳ በኋላ አንድ ፍሬ ብቻ። ጠዋት ግን አደራሽን እንዳትወስጂው፣ ምክንያቱም...»

ምክንያቱን ልብስ ሰፊዋ አልሰማችም። ኩሽና ሆና ሰሐን ታጥብ ነበር። የእህቷ ድምፅ ማር ማር ሲል አንጀቷን አሳረራትና ማንኪያውን ከድስቱ ጋር እያንቋቋች ጆሮዋን ራሷ ደፈነችው። እንኳን ምክንያቱን ሳቋንም ባትሰማው ደስ ባላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየው ከብዙ ዓመት በፊት እንቅርቷን በቀዶ ጥገና አስወጥታለች። ከዚያ ወዲህ የዚያን የአንገት ዕጢ ሥራ ተክታ የምትሠራላት አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን አለች፤ ማለዳ፣ በባዶ ሆድ ትዋጣለች። ይህችን ክኒን በየማለዳው፣ ጸሎቷን እንዳደረሰች፣ በእናቷ መዳፍ ላይ የምታስቀምጠው ልብስ ሰፊዋ ናት። ታማ እንኳ አስተጓጉላ አታውቅም፤ ትኩሳት ይዟት ግድግዳ እየደገፈች ሄዳ የሰጠችበት ጊዜ አለ። እናቷ ትውጣለች፣ ብርጭቆውን ትመልሳለች፣ «መስኮቱን ክፈቺው» ትላለች። በቃ። ልብስ ሰፊዋም አመስግኚኝ ብላ አታውቅም፣ ተመስግናም አታውቅም።

አረንጓዴዋ ጠርሙስ ከገባች ወዲህ ግን ቤቱ የምስጋና ቤት ሆነ። ጎረቤት ብቅ ባለ ቁጥር እናትየው ጠርሙሷን አንስታ እንደ ሕፃን መጫወቻ ታንቋቋታለች።

«ያቺ ልጄ ናት ያስነሳችኝ! እዩት ጉልበቴን! ትናንት እኮ ደጅ ድረስ ብቻዬን ወጣሁ።»

«እኔስ አስተኝቼሽ ነው የኖርኩት?» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። በሆዷ ነው እንጂ በአፏስ ለጎረቤቷ «ሻይ ልድገምሽ?» ነው የምትለው።

የምትሠራው መንገድ ዳር ካለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። እሷ ከበሩ አጠገብ በስፌት መኪናዋ ላይ ታጎነብሳለች፤ ከኋላዋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ልብስ ተኳሹ ካውያውን ይዞ እንፋሎት ውስጥ ይቆማል። ተኳሹ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው። ሥራውን ለጠየቀው ሁሉ «ተኳሽ ነኝ፤ ከኮሌታ በቀር ግን የጣልኩት የለም» ነው መልሱ።

«እህት ዓለም፣ ያንን ቀሚስ እየሰፋሽው ነው ወይስ እየወጋሽው?» አላት አንድ ቀን።

«ምን አገባህ?»

«አይ፣ ጨርቁ አሳዝኖኝ ነው። ታናሽሽ መጥታ ነበር ልበል?»

«መጥታ ሄደች። ጠርሙሷ ግን አልሄደችም።» ከዚህ በኋላ አፏን የሚይዘው ጠፋ። «አሁን አንድ ፍሬ ቫይታሚን ሰጥቶ ይህን ያህል መወደስ ምን ይሉታል? እኔ ዕድሜዬን ሰጥቼ!»

«ታዲያ አንቺም ግዢላታ! ቫይታሚን ምን አለበት? ምግብ ማለት እኮ ነው። ምግብ ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል?»

ተኳሹ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ የወረወራት ቃል ናት። እሷ ግን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። ሱቁ ሲዘጋ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት አመራች።

«የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀቻት ነጭ ጋዎን የለበሰችው ልጅ።

«ለኔ አይደለም፣ ለእናቴ ነው።»

«እሳቸውስ የሚወስዱት አለ?»

«ይኼ ምግብ አይደል እንዴ? አንቺ ደግሞ! ነገር አታብዢ፣ እናቴ ብቻዋን ናት። ከዚያ ከአረንጓዴው የሚበልጠውን ስጪኝ።»

የሚበልጠው ወርቅማ ክዳን ያለው፣ ሆዱ የሰፋ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። ክኒኑም ክብና ጠፍጣፋ ነው፤ በዓይን ግምት የካፖርት ቁልፍ ያህላል። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ስትመጣ እንዳታየው ብላ ክኒኖቹን ቁልፍ ታጠራቅምበት ወደነበረች ትንሽ ቆርቆሮ ገለበጠቻቸው። ባዶውን ጠርሙስ ሱቅ ወስዳ የመርፌ ማስቀመጫ አደረገችው።

አሁን መቼ ትስጣት? ምሳ የእህቷ ነው። ራት መጨረሻ ነው፤ መጨረሻ መሆን ደግሞ አንገሽግሿታል። ማለዳ! ማለዳ የሷ ነው፣ ከጥንትም የሷ ነው። ከነጯ ክኒን ጋር፣ ባንድ መዳፍ፣ ባንድ ጉንጭ ውሃ፤ የእህቷ ጠርሙስ ገና ክዳኗ ሳይከፈት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናትየው።

«ከኔ ነው። ቫይታሚን ነው፣ ከዚያኛው ይበልጣል። ለሷ ግን እንዳትነግሪያት።»

እናትየው ክኒኑን አየች፣ ልጇን አየች፣ ተመልሳ ክኒኑን አየች። «ቁልፍ አይደለም ወይ ይኼ? ካፖርት ልታደርጊኝ ነው?» አለችና ዋጠችው።

ከዚያ ወዲህ ስሙ «ቁልፍ» ሆኖ ቀረ። እናትየው ገና ዓይኗን ስትገልጥ «ቁልፌን አምጪ» ባለቻት ቁጥር የልብስ ሰፊዋ አንጀት ቅቤ ይጠጣል። በእናትና ልጅ መካከል ያለች ምስጢር ናት፤ እህት የማትገባባት።

ወራት አለፉ። ፀሐዩ በበረታበት ሰሞን እናትየው ሹራብ መደረብ ጀመረች። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲራኮት እሷ «በረደኝ» ትላለች። ድምፅዋ ጎረነነ። ፊቷ ጠዋት ጠዋት አበጥ ይላል፣ ቆዳዋ ይሻክራል። ደጅ መውጣቱ ቀርቶ ከአልጋዋ እስከ ወንበሯ ያለው መንገድ ረዘመባት። ጎረቤቷ «እንዴት አደርሽ?» ብላ ከጠየቀቻት፣ መልሱ እስኪመጣ የራሷን ሕመም ተርካ ትጨርሳለች።

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። እውነቱን ለመናገር ግን ከድንጋጤዋ ሥር እንደ ጠጠር የምትቆረቁር አንዲት ትንሽ ደስታም ነበረች፤ የእህቷ ጠርሙስ አልሠራችማ! በጸሎቷ መካከል ይህች ደስታ ትዝ ስትላት ታፍራለች። አሜን ብላ ስትነሳ ግን ጠጠሯ እዚያው ናት።

ቁልፉን ከአንድ ወደ ሁለት ያሳደገችውም ያን ጊዜ ነው። እናቷ ደክማለች፤ ለደከመ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ቫይታሚን ነው። ምግብ ነው።

ታናሿ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እመጣለሁም ሳትል፣ አንድ ጠዋት በሩን አንኳኳች። ልብስ ሰፊዋ አነኳኳቷን ታውቀዋለች። የቁልፉን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አንስታ የሥራ ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችና ከፈተችላት።

ታናሿ እናቷን ስታይ የያዘችው ፌስታል ከእጇ ወደቀ።

«እቴቴ! እማዬ ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች፣ አረጀች። በየቀኑ ለሚያያት አዲስ ነገር የለም።»

«በየቀኑ እያየሻት ነው እንዲህ የሆነችው?»

«በየቀኑ እያጠብኳት፣ በየቀኑ እያጎረስኳት ነው! አንቺማ ምን አለብሽ፣ ጠርሙስሽን ጎልተሽ ትሄጃለሽ።»

«ተዉ እንጂ ልጆች...» አለች እናትየው ከሹራቧ ውስጥ። ቃሉን አውጥታ እስክትጨርስ ሁለቱ ሌላ ዙር ተወራርፈው ነበር።

ሐኪም ቤት ሄዱ። ደም ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ ሦስቱ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ፤ እናትየው መካከል ሆና፣ ግራ እጇን ለአንዷ ቀኟን ለሌላዋ ሰጥታ። ልብስ ሰፊዋ እናቷ የእህቷን እጅ አጥብቃ የያዘች መሰላት። ዓይኗን ከዚያ ላይ ማንሳት አቃታት።

ሐኪሟ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እናትየውን ከቀዶ ጥገናዋ ጊዜ ጀምሮ የምታውቅ ሴት ናት። ወረቀቱን አየችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

«እናቴ፣ ነጯን ክኒን እየዋጡ ነው?»

«በየማለዳው።»

«ደምዎ ግን እንደሱ አይልም። ክኒኗን ጨርሶ የተወ ሰው ደም ነው የሚመስለው።»

ታናሿ ወደ እህቷ ዞረች። «ረስተሽው ይሆናል፣ እቴቴ» አለች በለሆሳስ። «ሥራም ይበዛብሻል፣ ማንም ቢሆን...»

ይህች ቃል ከሁሉ የከፋች ነበረች። ምስጋናው ይወሰድ፣ ሳቁም ይወሰድ፤ ያቺ ነጭ ክኒን ግን የሷ ናት! ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ።

«እኔ ነኝ የረሳሁት? እኔ? ዶክተር፣ የመጣው ሁሉ የመጣው በዚያች ጠርሙስ ነው! አረንጓዴዋ ከገባች ወዲህ ነው እናቴ እናቴን መምሰል የተወችው። ያመጣቻት ይህችውልሽ፣ እሷን ጠይቂያት!»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «አረንጓዴዋን አውቃታለሁ፣ አማክራኛለች። መቼ ነው የሚወስዷት፣ እናቴ?»

«ከምሳ በኋላ። አንድ።»

«እንግዲያው እሷ አይደለችም። በእሷና በማለዳዋ ክኒን መካከል በቂ ሰዓት አለ።» ከዚያ መነጽሯን አወረደች። «ከነጯ ክኒን ጋር አብሮ የሚዋጥ ሌላ ነገር አለ?»

የልብስ ሰፊዋ ቦርሳ፣ ከነቆርቆሮው፣ ጭኗ ላይ ነበር።

«ምንም የለም» አለች እናትየው። ድምፅዋ እንደጎረነነ ነው፣ ግን ፈጥና ነው የመለሰችው። በዚያ ሰሞን ሁሉ ፈጥና የተናገረችው ይህችን ብቻ ነበር።

«እርግጠኛ ነዎት? ምንም ከሌለ የክኒኗን መጠን ከፍ ማድረጌ ነው። ግን ልንገራችሁ፤ ክኒኗ እንዳትሠራ የሚከለክላት ነገር ኖሮ፣ ያ ነገር ኋላ ሲነሳ፣ ከፍ ያለው መጠን ልባቸውን ያስጨንቀዋል። በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ቀልድ አይደለም።» ብዕሯን አነሳች።

ልብስ ሰፊዋ ብዕሩን አየችው። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ቤት ስትደርስ ቆርቆሮዋን ትደፋታለች፣ አለቀ። አለቀ? ያን ጊዜማ ሐኪሟ ያለችው ሊደርስ ነው፤ ከልካዩ ይነሳል፣ ትልቁ መጠን ይቀራል፣ የእናቷ ልብ መከራውን ያያል። ብትናገር ደግሞ እህቷ ፊት ነው። ይህች ሁሌ ምስጉን፣ ይህች ሐኪም አማክራ የምትሠራ፣ ዛሬም እንደ ወተት ነጥታ ልትወጣ ነው፤ እሷ ጠቁራ። የእናቷ ነፍስ በብዕር ጫፍ ተንጠልጥላ እያየች እንኳ ቀናች። «ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ» አለች በልቧ። አፏ እንቢ አለ። እጇ ግን ቦርሳውን ከፈተ።

ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠቻት። ክኒኖቹ ተንከባለሉ። በመካከላቸው እውነተኛ የካፖርት ቁልፍም ነበረ፣ ከድሮ የቀረ።

ሐኪሟ እሱኑ አንስታ በመነጽሯ አገላበጠችው። «ይኼኛው አራት ቀዳዳ አለው። ይኼንንም ይውጣሉ?»

ከእናትየው በቀር የሳቀ አልነበረም።

«ቫይታሚን ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ወለል ወለሉን እያየች። «ማለዳ ከነጯ ጋር ነው የምሰጣት። በፊት አንድ፣ ኋላ ሁለት። ምግብ ነው ብዬ።»

«ውስጡ ምን ምን እንዳለበት ታውቂያለሽ? ጠርሙሱ የታል?»

ጠርሙሱ ሱቅ ነው፣ መርፌ ታጉሮበት። ለተኳሹ ደወለችና ሐኪሟ እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

«ያ ወርቅማ ክዳን ያለው ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ። ቶሎ በል!»

«የመርፌው? ቆይ መነጽሬን... አቤት ደቃቅነቱ! ጉንዳን ነው እንዴ የጻፈው? እ... ካልሲየም ይላል። ዚንክ ይላል። ቀጥሎ ብረት። ብረት፣ እህት ዓለም! እማማ ብረት አማራቸው እንዴ? ካውያዬን በላኩላቸው ነበር እኮ!»

«ይበቃል፣ እናመሰግናለን» አለች ሐኪሟ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

«ይቺ ደግሞ ማናት? ደንበኛ ከሆነች ሱሪዋ ደርሷል በያ...» ልብስ ሰፊዋ ዘጋችበት።

ሐኪሟ ክኒኖቹን ባንድ እጇ ሰብስባ ወደ ጎን አደረገቻቸው። «ብረትም ካልሲየምም ክፉ ነገር አይደሉም» አለች። «ግን ከነጯ ክኒን ጋር ሲገቡ ሆድ ውስጥ ጨምድደው ይይዟታል፤ ወደ ደም እንዳታልፍ በር ላይ ይቆሙባታል። ስለዚህ ነጯ ብቻዋን ትዋጥ፣ በውሃ ብቻ። ብረትና ካልሲየም ያለበት ነገር ደግሞ ነጯ ከተዋጠች ቢያንስ አራት ሰዓት ሲያልፍ ይሁን። መልቲቫይታሚን አንድ ዓይነት ይበቃቸዋል። ሁለት ዓይነት መስጠት ያንኑ ነገር እጥፍ አድርጎ ማስዋጥ ነው፤ ሲጠራቀም የሚመርዝም አለበት። ደግሞ ክኒን ከጠርሙሱ አይገለበጥም፤ ምንነቱን የሚናገርለት ጠርሙሱ ነው። ቤት ሕፃን የሚመጣ ከሆነማ ይኼን ቁልፍ የመሰለ ነገር በቆርቆሮ ውስጥ ማስቀመጥ መዘዝ ነው።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞር አለች። «ምግብም በይው ሌላ፣ እናትሽ የምትውጠውን ሁሉ ንገሪኝ። አሁን እንደ ነገርሽኝ።»

የክኒኗን መጠን አልነካችውም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሟን እናያለን ብላ ሸኘቻቸው።

ኮሪደሩ ላይ ታናሿ ወደ እህቷ ዞረች። «ለምን ጠዋት እንደማይወሰድ ያን ዕለት ተናግሬ ነበር እኮ፣ እቴቴ። ኩሽና ነበርሽ።»

«ሰሐን እያጠብኩ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሆን ብዬ አንቋቋሁት። ድምፅሽን ላለመስማት።»

ታናሿ ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«አንቺስ እማዬ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ። «አንቺ ሰምተሽ ነበር አይደል? ለምን ዋጥሽልኝ?»

እናትየው በሁለቱ ክንድ ላይ ተደግፋ ቀስ እያለች ነበር የምትሄደው። መልሱም ቀስ ብሎ መጣ።

«ከጠዋት የተከለከለችው አረንጓዴዋ ናት፤ ቁልፉን ማን ከለከለው ብዬ ነዋ። ደግሞ ብመልስልሽ ትከፊያለሽ። የሷን ብተው እሷ ትከፋለች።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሁለታችሁንም እዚህ ሆዴ ውስጥ ተሸክሜያችኋለሁ። ያን ጊዜ ግን ተራ በተራ ነው የገባችሁት። እኩል ስትገቡብኝ ነው ያልቻልኩት።»

በዚህ ታናሿ ሳቀች፤ ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። እናቷ «እኩል» ያለቻትን ቃል ይዛ ቤት ደረሰች።

ታናሿ ዕረፍቷን ጨርሳ ሄደች። ማለዳ ነጯ ክኒን ብቻዋን በመዳፍ ላይ ትቀመጣለች። በምሳ ሰዓት ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ወደ ቤት ትመጣለች። በዚያ መንገድ ላይ ቅናቷ አብሯት ይመጣል፤ የእህቷን ጠርሙስ በገዛ እጇ ልትከፍት፣ የእህቷን ክኒን በገዛ ጣቶቿ ልትሰጥ ነውና። «ከኔ ላይ አንሳልኝ» ብላ ትጸልያለች። አንዳንድ ቀን ይነሳል፣ አንዳንድ ቀን ደጃፍ ድረስ ይሸኛታል።

«እህት ዓለም» ይላታል ተኳሹ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ስትወጣ እያያት። «ያቺን ‹ምግብ ማንን ጎድቶ ያውቃል› ያልኳትን ቃል ብትመልሺልኝ?»

«ተኩሰሃታላ። የተተኮሰ ይመለሳል?»

ከእናትየው መጀመሪያ የተመለሰው ድምፅዋ ነው። አንድ ማለዳ «መስኮቱን ክፈቺው! ስንት ጊዜ ይነገርሻል?» ብላ ስትጮህባት ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን እንደያዘች እንባዋ ዱብ አለ። ቀጥሎ ሹራቡ ወለቀ። ቀጥሎ አንዲት ጎረቤት ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ብላ «አንቺ፣ ደጅ ወጣሽ አሉ!» አለቻት።

«ወጣሁ እንጂ!» አለች እናትየው አረንጓዴዋን ጠርሙስ አንስታ እያንቋቋቻት። «ያቺ ልጄ ናት ያስነሳችኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ኩሽና ነበረች። ሰሐኖቹ አጠገቧ ነበሩ፣ ማንኪያውም እጇ ላይ። አላንቋቋችም። ማንኪያውን አስቀምጣ እጇን አደራረቀች፣ ጠርሙሷን ከእናቷ እጅ ወስዳ ከፈተች፣ አንድ ፍሬ አውጥታ በውሃ ሰጠቻት።

እናትየው ክኒኗን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ጎረቤቷን በዓይኗ ጠቀሰች። «የማን ነው ይኼ?»

«የልጅሽ ነው።»

«የትኛዋ?»

«ዋጪው አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ ትቼ ነው የመጣሁት» አለች ልብስ ሰፊዋ።